ፍሎራይድን ብቻ የሚያሳልፍ ክሪስታል

በስምጥ ሸለቆ ከብዙ ጉድጓዶች የሚቀዳው ውኃ ጥርት ያለ ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ዓመታት አልፈው የልጆች ጥርስ ሲበልዝ ግን ፍሎራይድ እንደነበረበት ይታወቃል። መጠኑ ሲከፋ ጉዳቱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የአካባቢው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ ይለቃል፤ ውኃው ደግሞ ካልሲየም ስለሚያንሰው ፍሎራይዱን ይዞ የሚዘቅጥ ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

ጥርስ ሳይበልዝ ይህን መጠን ከሚነግሩን መሣሪያዎች አንዱ የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ነው። ማርቲን ፍራንትና ጄምስ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1966 አስተዋወቁት። ሲያዩት ወፍራም እስክሪብቶ ይመስላል፤ ቁም ነገሩ ያለው ጫፉ ላይ ነው። እዚያ የተገጠመው ጥቂት ዩሮፒየም የተጨመረበት የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ነው። ዩሮፒየሙ በክሪስታሉ ውስጥ ክፍት ቦታዎችን ይፈጥራል፤ የፍሎራይድ አየኖች ከአንዱ ክፍት ቦታ ወደ ሌላው እየዘለሉ ያልፋሉ። ከፍሎራይድ የሚገዝፈው ክሎራይድ ግን መግቢያ የለውም። በክሪስታሉ ሁለት ወገን ያለው የፍሎራይድ መጠን ሲለያይ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ይህም ከማነጻጸሪያ ኤሌክትሮድ ጋር ተስተያይቶ በሚሊቮልት ይነበባል።

በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፍሎራይዱ አሥር እጥፍ ሲጨምር ንባቡ 59 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል። ስለዚህ የአንድ ሚሊቮልት ስህተት ብቻ ውጤቱን 4 በመቶ ገደማ ያዛባል። ባለሙያውም የፍሎራይድ መጠናቸው በታወቀ ሙሙቶች መሣሪያውን ሳይፈትሽ ናሙና አይነካም።

የሚያሳስቱትም አሉ። አሉሚኒየምና ብረት ፍሎራይዱን ይዘው ይደብቁታል። አሲድ ሲበዛ ሃይድሮጅን ይይዘዋል፤ አልካሊ ሲበዛ ደግሞ ሃይድሮክሳይድ እንደ ፍሎራይድ ይቆጠራል። ለዚህ መድኃኒቱ ባለሙያዎች «ቲሳብ» የሚሉት ድብልቅ ነው። በናሙናውም በመፈተሻው ሙሙትም ላይ በእኩል መጠን ሲጨመር ፒኤቹን ከ5 እስከ 5.5 ያደርሳል፣ የተያዘውን ፍሎራይድ ያስለቅቃል፣ የጨው ይዘታቸውንም ያቀራርባል።

ውኃ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያስወግድም። እንዲያውም ውኃው ተንኖ ሲቀንስ የቀረው ይበልጥ ይበረታል። በስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ፓምፕ ከመግዛቱ በፊት ውኃውን ያስለካ።