የመጫኛ ማሰሪያ በሌለው የእሽቅድምድም ብስክሌት ላይ የኋላ ዕቃ መጫኛ ስለ መግጠም



በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር፣ ከታደሱት ጐዳናዎች በአንዳንዶቹ ዳር ለብስክሌት የተለየ መስመር መዘርጋቱን የምታውቁት ነው። ይህን አይቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ በብስክሌት ለመመላለስ የቈረጠ ሰው አንዳንድ ጊዜ ቀጭን ጐማና ወደ ታች የታጠፈ መሪ ያለውን፣ ለእሽቅድምድም የተሠራውን ብስክሌት ይገዛል። ብስክሌቱ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በማግሥቱ ሰነዱን፣ የምሳ ዕቃውንና የዝናብ ልብሱን ከምን ላይ እንደሚያኖር ይቸግረዋል። በጀርባው ቢሸከመው ሸሚዙ በላብ ርሶ ከቢሮ ይደርሳል። በመሪው ላይ ቢያንጠለጥለው ደግሞ ቦርሳው ከፊት ጐማው ራጂ ውስጥ የገባ ዕለት ነጂው በአፍንጫው ይተከላል።

መፍትሔው የኋላ ዕቃ መጫኛ ነው፤ በመኪና ጣራ ላይ ሲሆን ፖርቶመጋላ የምንለው ዐይነት ማለት ነው። ለረጅም ጕዞ በተሠራ ብስክሌት ላይ መጫኛ ለመግጠም ብልሃት አያሻም። ከኋላ ጐማው ዘንግ አጠገብ በግራና በቀኝ፣ እንዲሁም ከኮርቻው በታች በግራና በቀኝ፣ በጠቅላላው አራት ጥርስ የወጣላቸው ቀዳዳዎች ስላሉት በአራት ብሎን ይታሰራል። የእሽቅድምድም ብስክሌት ሠሪዎች ግን ብስክሌቱን ለማቅለል ሲሉ እነዚህን ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ ያስቀሯቸዋል። ተወዳዳሪ ምሳ ዕቃ አይጭንምና አይፈረድባቸውም።

ቀዳዳው በሌለበት ምን እናድርግ ከማለታችን በፊት ሸክሙ በየት በኩል እንደሚወርድ ማስተዋል ይገባል። የዕቃውን ክብደት የሚሸከሙት ወደ ጐማው ዘንግ የሚወርዱት ሁለቱ የታችኞቹ እግሮች ናቸው። የላይኞቹ ዘንጎች ሥራ መጫኛው ወደ ኋላና ወደ ፊት፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳይወዛወዝ መያዝ ብቻ ነው፤ በበቅሎ ጭነት ቢመሰል መቀነት መሆናቸው ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው የሚበዛው በታች በኩል ነው።

በታች በኩል ከሁሉ የሚሻለው መጫኛውን ከራሱ ከጐማው ዘንግ ጋር ማሰር ነው። ጣሊያናዊው ቱሊዮ ካምፓኞሎ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው፣ ያለ መፍቻ በእጅ ተስቦ የሚከፈተው የጐማ ማሰሪያ ባለበት ብስክሌት፣ ያንኑ ማሰሪያ አውጥቶ በምትኩ ረዘም ያለውንና በሁለቱ ጫፍ የመጫኛ እግር መያዣ ያለበትን ማስገባት ይቻላል። ሸክሙ በቀጥታ በዘንጉ ላይ ስለሚያርፍ ወደ ታች የሚንሸራተት ነገር አይኖርም። ጕድለቱ ጐማ በተነፈሰ ቍጥር ይህንኑ ማሰሪያ መፍታት የግድ መሆኑ ነው። የዲስክ ፍሬን ያላቸው አዳዲስ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ወፍራም ባለ ጥርስ ዘንግ ስላላቸው፣ በርዝመትም በጥርስም ለዚያው ብስክሌት የሚስማማ ልዩ ዘንግ ካልተገኘ ሌላው አይገባላቸውም።

ሁለተኛው መንገድ ከኮርቻው ሥር ተነሥተው ወደ ጐማው ዘንግ በሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ላይ፣ ውስጡ ላስቲክ የለበሰ የብረት ማሰሪያ ቀለበት አጥልቆ መጫኛውን በእርሱ ላይ ማሰር ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሆኖም ቀለበቱ የሚይዘው በሰበቃ ብቻ ስለ ሆነ ጭነት ሲበዛበት ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ከአሮጌ ከመነዳሪ ቍራጭ ወስዶ ቧንቧውን አስቀድሞ መጠቅለል መያዣውን ያጠነክራል፣ ቀለሙንም ከመላጥ ያድናል። እንዲህም ቢሆን ለጥቂት ኪሎ እንጂ ለአንድ ኩንታል ሩብ አይታመንም።

በላይ በኩል ነገሩ ይቀላል። የኮርቻውን ምሰሶ የሚያጠብቀውን ቀለበት አውጥቶ፣ ሁለት ጥርስ የወጣላቸው ቀዳዳዎች ያሉበትን ቀለበት መተካት ነው። ቀለበቱ በልክ ይሸጣል፤ የተለመዱት ልኮች 28.6፣ 31.8 እና 34.9 ሚሊ ሜትር ናቸው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት አሮጌው ቀለበት የሚጠልቅበትን ቧንቧ ውጫዊ ስፋት መለካት ያስፈልጋል። መጫኛውን በኋላ ፍሬን ብሎን ላይ በስስ ብረት የሚያስሩም አሉ። እኔ ይህን አልወደውም፤ የተጨመረው ብረት ውፍረት ብሎኑን አሳጥሮ የሚይዘው ጥርስ ካነሰ፣ ቍልቍለት ላይ የሚላቀቀው መጫኛው ብቻ ሳይሆን ፍሬኑ ጭምር ነውና።

ከሁሉ የባሰው ስሕተት ከካርቦን ቃጫ በተሠራ ብስክሌት ላይ ቀለበት ማጥበቅ ነው። ካርቦን በተሠራበት አቅጣጫ ብዙ ኀይል ይችላል፤ ከጐን ሲጨመቅ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ስንጥቁም ከውጭ ላይታይ ይችላል። ሠሪው ካልፈቀደ በቀር እንዲህ ያለ ብስክሌት ያለው ሰው ከኮርቻው ሥር በሚታሰር ትልቅ ቦርሳ ቢወሰን ይበጀዋል። በኮርቻው ምሰሶ ላይ ብቻ የሚታሰር መጫኛም ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 ኪሎ በላይ አይፈቀድለትም፣ ከካርቦን በተሠራ ምሰሶ ላይም አይታሰርም።

የእሽቅድምድም ብስክሌት ከፔዳሉ ማዕከል እስከ ኋላ ዘንግ ያለው ርቀት ወደ 41 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የጕዞ ብስክሌት ግን 44 ወይም ከዚያ በላይ አለው። ስለዚህ በጐን የሚንጠለጠል ቦርሳ ተረከዝን ይመታል። ቦርሳውን ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል፤ አብዝቶ ከተገፋ ደግሞ እንደ እንጦጦ ባለ ዳገት ላይ የፊቱ ጐማ ይቀልና መሪው ይቅበዘበዛል።

ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ጐማውን በእጅ እያሽከረከሩ፣ በካቴናው በኩል የብሎኑ ጫፍ ወደ ውስጥ ወጥቶ ከትንሹ ጥርስ ላይ ያለውን ካቴና እንዳይነካ መመልከት ነው። የቦርሳው ጠፍር ተርፎ ከተንጠለጠለ ይታጠፍ። ከዚያ ዕቃውን ጭኖ በሰፈር ውስጥ ጥቂት መዞር፣ ሲመለሱም ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ አዲስ የታሰረ ላስቲክ በመጀመሪያው ቀን ይረግባልና። ከሳምንት በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ይጠበቅ።