አንድ ማዕድ ብቻ ያለው ፍጥረት



በአሬሮ አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከተማሪዎቼ አንዱ ደብተሩን ይዞ ወደ እኔ ቀረበ። በደብተሩ ሽፋን ላይ ድብ የሚመስል፣ መልኩ ነጭና ጥቁር የሆነ አውሬ ቀርከሃ ሲያኝክ ተሥሏል። ልጁም «ጋሼ፣ ይህ አውሬ ሌላ ምግብ የለውምን? ቀርከሃው ቢያልቅበትስ ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቤተ ሰቡ በድርቁ ዘመን ላሞቹን ያጣ ልጅ ነውና ጥያቄው ከጨዋታ የመጣ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ስለዚህ መልሱን ለእርሱም ለእናንተም መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

አውሬው ፓንዳ ይባላል። በዱር የሚገኘውም በቻይና አገር፣ በሲቹዋን፣ በሻአንሺና በጋንሱ ተራሮች ላይ ብቻ ነው። በዘሩ ከድብ ወገን ሲሆን አንጀቱም እንደ ሥጋ በል አውሬ አንጀት አጭር ነው። ይሁን እንጂ ከሚበላው ከመቶ 99 እጁ ያህል ቀርከሃ ነው። አንጀቱ ለቅጠልና ለግንድ የተመቸ ስላይደለ ከበላው አንድ አምስተኛውን እንኳ አያዋህደውም። ይህንንም ጉድለት የሚያሟላው አብዝቶ በመብላት ነው። አንድ ትልቅ ፓንዳ በቀን ከ12 እስከ 38 ኪሎ ቀርከሃ ይበላል፤ ከቀኑና ከሌሊቱም አብዛኛውን ሰዓት ሲያኝክ ይውላል፣ ያድራልም። የእጁም አንጓ አጥንት እንደ አውራ ጣት ወጣ ብሎ ቀርከሃውን አጥብቆ ለመያዝ ያገለግለዋል።

ቀርከሃ ደግሞ እንደ ሌላው ተክል በየዓመቱ የሚያብብ አይደለም። ብዙ አሥርት ዓመታት ከቆየ በኋላ አንድ ሙሉ ደን በአንድ ዘመን ያብባል፤ ዘሩንም ካፈሰሰ በኋላ በጅምላ ይደርቃል። ከዘሩ የሚበቅለውም አዲስ ቀርከሃ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ በሚን ተራሮች ቀርከሃው አብቦ በደረቀ ጊዜ ከ100 የሚበልጡ ፓንዳዎች ሞተው ተገኙ። በቀደመው ዘመን ቢሆን ኖሮ ፓንዳዎቹ ሸለቆውን ተሻግረው ሌላ ዓይነት ቀርከሃ ወደሚበቅልበት ይሰደዱ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ሸለቆው በእርሻና በመንደር ተይዞ ነበር። እንግዲህ ፓንዳውን የጎዳው የቀርከሃው መድረቅ ብቻ ሳይሆን የመሸሻው መንገድ መዘጋትም ጭምር ነው። የቻይና መንግሥት ይህን ተረድቶ ደኑን ስለ ከለለና የተቆራረጠውን ስላገናኘ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 በተጠናቀቀው ቆጠራ 1,864 የዱር ፓንዳዎች ተገኝተዋል።

ነገር ግን ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ መስሎ አይታያችሁ። በእኛም ጎረቤት በቀርከሃ የሚኖር ፍጥረት አለ። ከነገሌ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የገናሌን ወንዝ ተሻግሮ ዶሎ መና ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ሐረና ደን ይወጣል። በመጀመሪያ የዱር ቡና ያለበትን ጥላ ያልፋል፤ ከፍ ሲልም የቀርከሃውን ደን ያገኛል። በዚህ ደን ውስጥ የባሌ ጦጣ ይኖራል። ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጀርባው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ጢሙ ነጭ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ኦስካር ኖይማን የተባለው ጀርመናዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ለሳይንስ ዓለም ሲያስታውቀው ስሙን ያወጣለት በጀምጀም ነው። ጀምጀም ደግሞ በቀድሞው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ከአሬሮና ከቦረና ጋር የሚቈጠር አውራጃ እንደ ነበረ አረጋውያን ያስታውሳሉ።

አዲሱ መኮንንና ባልደረቦቻቸው በባሌ ምድር በኦዶቡሉ ደን ይህን ጦጣ ተከታትለው አጥንተው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ያገኙትን አሳትመዋል። ከሚበላውም ከመቶ 77 እጁ ያህል የደጋ ቀርከሃ፣ ያውም በአብዛኛው ለጋ ቅጠሉ እንደ ሆነ ገልጠዋል። በቆላው የምናውቀው ተራ ጦጣ ፍሬውንም፣ ቅጠሉንም፣ ነፍሳቱንም ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ሆኖ ሳለ፣ ይህ ዘመዱ ግን ማዕዱን በአንድ ተክል ላይ አኑሯል።

ደኑ ተመንጥሮ የቀርከሃው ቦታ በእርሻ መካከል እንደ ደሴት በቀረበት ስፍራ ጦጣው ልማዱን ለመለወጥ ይገደዳል። ያላመደውን ቅጠል ሁሉ ይቀምሳል፤ ወደ እርሻም ይገባል። ገበሬውም በላቡ ያፈራውን እህል ሲበላበት ያባርረዋል፣ ይገድለዋልም። ገበሬውን በዚህ መውቀስ ቀላል አይደለም፤ እርሱም ልጆች አሉት። ክርክሩ የተጀመረው ግን ጦጣው እርሻውን በደፈረ ቀን ሳይሆን ቀርከሃው ባለቀ ቀን ነው።

የቦረና ሰው ይህን ነገር ከመጽሐፍ መማር አያሻውም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በቀሩ ጊዜ ላም ሣር በል ናትና ሣሩ ሲጠፋ አስቀድማ ወደቀች። የዛፍ ቅጠል የሚቀነጥቡት ግመልና ፍየል ግን የተሻለ ተቋቋሙ። ከዚያ ወዲህም ብዙ ቤተ ሰብ ከላሙ ጎን ግመልና ፍየል ማርባትን መርጧል። ሰው ከመከራው ተምሮ ሀብቱን በብዙ ሥር ላይ ሊተክል ይችላል። ለባሌ ጦጣ ግን ማዕዱን የምንጠብቅለት ወይም የምናነሣበት እኛው ነን።

ቀርከሃ ለሰውም ታላቅ በረከት መሆኑ አይካድም። በደጋው ቤት ይሠራበታል፤ አጥር ይታጠርበታል፤ ቀፎና ቅርጫት ይሆናል። አትቍረጡ ማለት ስለዚህ ፍርድ አይሆንም፤ አቈራረጡን ማወቅ ግን ይቻላል። ሦስት ዓመት የሞላውን ጠንካራ ግንድ መርጦ ቈርጦ፣ ለጋውንና በክረምት የሚወጣውን ቡቃያ የሚተው ሰው ደኑን አያጠፋም። ሥሩ ከምድር በታች እየሄደ አዲስ ቡቃያ ይሰጣልና። ከደኑ ከመቍረጥ ይልቅ ከሥሩ ከፍሎ በጓሮው የሚተክልም ለልጆቹ የሚተርፍ ሀብት ያኖራል። በእርሻና በእርሻ መካከል የቀረውን የደን መስመር አለመንካትም ለጦጣው መንገድ መተው ነው፤ በቻይና ተራሮች ለፓንዳው የጎደለው ይኸው ነበር።

በማግሥቱ ልጁን ጠርቼ ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ካሰበ በኋላ «እንግዲያው ጋሼ፣ ቀርከሃውን የሚቈርጠው ሰው ጦጣው መኖሩን ያውቃልን?» አለኝ። ከእናንተ መካከል በደጋው ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያድርስልኝ።