ቆራሌው የማይገዛው ዕቃ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዕቃ መጣል አለመጣሉን የሚወስነው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ በደጁ የሚያልፈው ቆራሌውም ነው። ቆርቆሮ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ባዶ የዘይት ጀሪካን ተከራክሮ ይገዛል። ልዋጭ የሚለው ነጋዴም ያረጀ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። ከተሰበሰበው ብዙው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ በርሜሉ ተቀዶና ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፣ ከመኪና ጎማ በረባሶ ይወጣል፣ ከመነዳሪው ተሸንሽኖ የዕቃ ማሰሪያ ይሆናል። መብራት ባልገባበት ገጠርም የጣሳ ኩራዝ ስንት ዘመን ቤት አብርቷል። ይህ ሁሉ የሆነው ያለ ዘመቻና ያለ ሥልጠና ነው። አሁን አሁን በየቴሌቪዥኑ የሚታየው፣ ጠርሙስ ቀለም ቀብቶ የአበባ ማስቀመጫ ማድረግ፣ ደስ የሚል የእጅ ሥራ ነው፤ ግን አንድ ቤት ስንት የአበባ ማስቀመጫ ይችላል? ዕቃን ከመጣል የሚያድነው ከፈጠራ ይልቅ ዋጋ ነው ባይ ነኝ።

ማስረጃው ከሰፈር ግሮሰሪ አይርቅም። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ መንገድ ላይ ወድቆ ማየት ብርቅ ነው። ባለሱቁ መያዣ ይጠይቃል፤ ጠርሙሱ ከነሣጥኑ ተቆጥሮ ወደ ፋብሪካ ይመለሳል፣ ታጥቦም እንደገና ይሞላል። ሃይላንድ የምንለው የውኃ ፕላስቲክ ግን ሌላ ዕጣ አለው። ጥቂቱ ዘይት፣ ማር ወይም አረቄ ይቀዳበታል፤ የተጣለው ክረምት ሲገባ የጎርፍ መውረጃውን ይደፍናል። የሚጠጣው ሰው ያው ነው፣ ባህሉም ያው፤ ልዩነቱ አንዱ ሲመለስ ብር ማስመለሱ ነው። ስለዚህ «ግንዛቤ ይጎድለናል» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ብዙ አያስኬድም። ክልከላም ብቻውን አልሠራም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ቢደነግግም፣ ፌስታል በነጻ መታደሉ ለዓመታት ቀጠለ።

ዕቃን መልሶ መጠቀም የድህነት ብልሃት ነው፣ ኑሮ ሲሻሻል ይቀራል የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው፤ በረባሶን አማርጦ የሚገዛው ጥቂት ነበር። ሆኖም ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. ዘነበወርቅ አካባቢ ያቋቋመችው ሶልሬብልስ ያንኑ የጎማ ሶል ይዞ የውጭ ገበያ ገብቷል። ድህነት ከተነሣ ደግሞ፣ ደሀውን የቀበረው ሊመለስ ሲችል የተጣለው ዕቃ ጭምር ነው። ከዘነበወርቅ ብዙም በማይርቀው ቆሼ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት እዚያው በረጲ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ። ማቃጠል ክምሩን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የከተማዋ ቆሻሻ አብዛኛው እርጥብ የምግብና የቅጠል ትራፊ ነው፤ ደህና የሚነደው ወረቀቱና ፕላስቲኩ፣ ማለትም ገዢ ሊያገኝ የሚችለው ነው።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ የጤና ነው፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ የመጠጥ ውኃ ሊያዝበት አይገባም። በካሜሩን ከቀለጠ ቁርጥራጭ ብረታ ብረት በሚሠሩ ድስቶች ላይ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም መርዛማው እርሳስ ወደ ምግብ ሊገባ እንደሚችል አሳይቷል። ቆራሌው በኪሎ እስከገዛ ድረስ መርዛማውን ከጤነኛው የሚለይበት ምክንያት የለውም። ለይቶ ላመጣ የተሻለ መክፈል ያለበት ዕቃውን ሠርቶ ያተረፈው ነው። አንዱ መንገድ መያዣ ነው፤ ጀርመን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዴ ተጠጥቶ በሚጣል ጠርሙስና ጣሳ ላይ መያዣ አስከፍላለች፤ ዛሬ ለአንዱ 25 የዩሮ ሳንቲም ነው። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ባዶውን ወደ ሱቅ እየመለሱ ገንዘባቸውን ይወስዳሉ። እኛ ዘንድ የጽዳት ክፍያ ለዓመታት ከውኃ ሒሳብ ጋር ሲሰበሰብ ስለቆየ፣ አንድ ጆንያ የጣለም አሥር የጣለም የሚከፍለው በውኃ ፍጆታው ልክ ነበር። በሃይላንድ ላይም መያዣ ይኑር፤ ውኃውን ያስወድደዋል ለሚሉ፣ ፕላስቲኩን የመለሰ የከፈለውን ያገኛል። ውኃ አምራቾቹ መሰብሰቡ ውድ ነው ማለታቸው አይቀርም፤ ሰብሳቢው ግን ዛሬም ጆንያውን ይዞ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ነው። ከእነሱ የሚጠበቀው በየክፍለ ከተማው መረከቢያ መክፈትና ታሪፉን በግልጽ መለጠፍ ነው።