ታሪኩን ተዉትና ማሽኑን ንገሩኝ

ሰውየው ሃምሳዎቹን ያጋመሰ እንግሊዛዊ ነው። በልጅነቱ ትእዛዝ እየጻፈ የተጫወተውን የጽሑፍ ጌም ፈልግልኝ ብሎ መጣ። የፈራረሰ ግንብ አለ፤ ጉድጓድ አለ፤ ገመድ አለ፤ መስኮቱ ላይ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ሴት ቆማለች። ርዕሱንም ያለ ጥርጥር ነገረኝ። በማውቃቸው መዝገቦች ሁሉ ፈለግሁት፤ የለም። «ካሴቱ ሲጫን የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ምን ይመስል ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ ስለ ሴትዮዋ እያወራሁ አንተ ስለ ጠርዝ ትጠይቀኛለህ?» አለኝ። ተመልሶ አልመጣም። ጌሙም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ለንደን ውስጥ ከአሮጌ ካሴትና ዲስክ ላይ ፕሮግራም እያወጡ ማዳን እንጀራዬ ነው። የሻገተ ቴፕ ይጸዳል፤ የተሰበረ የካሴት ቀፎ ይቀየራል። መላ ያጣሁለት የሰው እርግጠኝነት ነው። ሰው ታሪኩን ይዞልኝ ይመጣል፤ ታሪክ ደግሞ በዚህ ሙያ ከሁሉ የማይረባ ምልክት ነው። ይህን ስል የሚቀየመኝ ብዙ ነው።

እስቲ ይታይ። ዊል ክራውዘር የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ዋሻ መመርመር ይወድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ኬንታኪ ውስጥ በእግሩ ያሰሰውን የማሞዝ ዋሻ ክፍል መሠረት አድርጎ በፒዲፒ-10 ኮምፒውተር ላይ በፎርትራን የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ጨዋታ ጻፈ። ከሚስቱ ጋር ተለያይቶ ስለነበር ሴት ልጆቹን ላጫውትበት ብሎ ነው። በ1977 ዶን ዉድስ ስታንፎርድ ሆኖ አሰፋው፤ ከዚያ የኢንተርኔት ቅድመ አያት በሆነው በአርፓኔት አድርጎ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ተዛመተ። ኋላ የመጣው አብዛኛው የዚህ ጨዋታ ልጅ ነው። ኤምአይቲ ውስጥ የተጀመረው ዞርክም፣ ስኮት አዳምስ በ1978 ለቲአርኤስ-80 ኮምፒውተር ያወጣው አድቬንቸርላንድም ፋኖስ ያስይዙሃል፣ ከመሬት በታች ይከቱሃል፣ ሀብት ያስለቅሙሃል። ስለዚህ «ዋሻ ነበረ፣ ፋኖስ ነበረ፣ ቁልፉ ጠፍቶኝ ነበር» የሚለኝ ሰው፣ አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ አይቻለሁና ፈልግልኝ እንዳለኝ ነው የምቆጥረው።

ሥዕሉስ? ሁሉም ሥዕል እንደነበረው ይምላል። በእርግጥ ሚስትሪ ሃውስ የተባለው ጌም በ1980 በአፕል 2 ኮምፒውተር ላይ ሥዕል ይዞ ወጥቷል። ዘ ሆቢትም በ1982 በዜድኤክስ ስፔክትረም ኮምፒውተር ላይ ባለቀለም ሥዕል አሳይቷል፤ ለዚያውም 48 ኪሎባይት ያለውን ማሽን ለገዛ ነው። በ16 ኪሎባይት ታሪኩን ራሱን አሳጥሮና አጣቦ ማስገባት ጭንቅ ነበር። አብዛኞቹ ጌሞች ባዶ ስክሪን ላይ የተደረደረ ፊደል ብቻ ነበሩ። ሥዕሉ የመጣው ከካሴቱ ሽፋን ነው፤ ካልሆነም ከልጁ ጭንቅላት። የቲአርኤስ-80 ስክሪን ጥቁርና ነጭ ነበር። ሴትዮዋ የታየችው እዚያ ላይ ከሆነ አረንጓዴውን ቀሚስ ያለበሳት ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ርዕሱንም ቢሆን አላምነውም። ካሴት ከጓደኛ ይገለበጥ ነበር፤ በላዩ ላይ የሚጻፈው ለልጁ የመሰለው ስም ነው።

የሚጠቅመኝ ሰው የሚንቀው ነገር ነው። ስፔክትረም ካሴት ሲያነብ የስክሪኑ ጠርዝ መጀመሪያ በቀይና በውሃ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ በሰማያዊና በቢጫ መስመር ይርገበገባል። ኮሞዶር 64 ኮምፒውተር ላይ በተለመደው መንገድ ሲጫን ስክሪኑ ጭራሽ ይጠፋል። ይህን ብቻ የመለሰልኝ ሰው ብዙ ሥራ አቃለለልኝ። «ትምህርት ቤት ነው፣ አስተማሪያችን ነች የከፈተችልን፣ ጠንቋይዋን ስናይ ጮህን» ያለኝማ ገና ሳይቀመጥ ግራኒስ ጋርደን እለዋለሁ፤ በ1983 የወጣና የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች በቢቢሲ ማይክሮ ያስጫወቱት ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ጣት ነው። አድቬንቸርላንድ ከአንድ ቃል የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደሎች ብቻ ያነባል፤ የጌም ሠሪው ኩባንያ የኢንፎኮም ቀደምት ጌሞች ስድስት ያነባሉ። በአንድ ጣት እየለቀመ የሚጽፍ ልጅ ደግሞ ማሳጠር ቶሎ ይለምዳል። አንዲት ሴት ጌሟን ልትተርክልኝ ስትጀምር አቋረጥኳትና ኪቦርዱን አቀረብኩላት፤ «ፋኖሱን ውሰድ» ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ አልኳት። ከእያንዳንዱ ቃል ሦስት ፊደል ጻፈችና እጇን አነሳች። ለምን እንዳቆመች ራሷም አላወቀችም። ማሽኑ እንዴት እንቢ ይል እንደነበርም እጠይቃለሁ፤ የማይገባው ቃል ሲጻፍለት የሚመልሳት ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ጌም ሠሪ ወደ ሌላው ትለያያለች።

«ኢንተርኔት ላይ ሁሉም አለ፤ አንተ መፈለግ አቅቶህ ነው» የሚሉኝም አሉ። የለም። በ1983 ግሬም ዬንድል የጻፈው ዘ ኩዊል የተባለ ፕሮግራም ከወጣ በኋላ ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ጌም መሥራት ቻለ። ለጎረቤት ተሠርተው ከመንደር ያልወጡ፣ በፖስታ ለጥቂት ሰው ብቻ የተሸጡ ነበሩ። ከመጽሔት ላይ በቤዚክ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ መስመር በመስመር የገለበጠ ልጅም የጭራቁን ስም በወንድሙ ስም ይቀይረው ነበር። እንዲህ ያለውን ጌም በየትኛው መዝገብ ላገኘው እችላለሁ?

የሁሉም አባት የሆነው የክራውዘር የመጀመሪያ ኮድ ራሱ ለሠላሳ ዓመት ያህል ጠፍቶ ነበር። በ2005 የተገኘው ዉድስ ስታንፎርድ ተማሪ ሳለ ይጠቀምበት ከነበረው አካውንት መጠባበቂያ ቅጂ ውስጥ ነው። ዴኒስ ጄርዝ የተባለ ምሁር በ2007 አጥንቶ ጽፎበታል። ታሪኩን ዓለም ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ማወቁ ግን ኮዱን አላስገኘም። ያስገኘው የማን ፋይል የት ማሽን ላይ እንደነበረ ማወቅ ነው።

እና እባካችሁ፣ ልጅነታችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ማሽኑን አስቀድሙልኝ። ኮምፒውተሩ የማን ነበር? ካሴት ነው ዲስክ? የት ተገዛ? ከማን ተገለበጠ? ቁም ሣጥን ላይ የቀረ ካሴት ካላችሁ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብላችሁ አሮጌ ቴፕ ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱት፤ ቴፑን ከበላው መመለሻ የለውም። ስም ያልተጻፈበትንም አትጣሉ፤ ሌላ ቅጂ የሌለው ጌም ያለው እዚያ ላይ ሊሆን ይችላል።