የጡንቻ ዝለትና የጭን ኋላ ጡንቻዎች ጉዳት በእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ

እሑድ ከሰዓት በኋላ በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ ወይም በያዮ ወደ ኳስ ሜዳ ብቅ የሚል የጤና ባለሙያ ውሎ አድሮ የሚከተለውን ማየቱ አይቀርም። ጨዋታው ሊያበቃ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ ከተከላካዮች ጀርባ የተጣለለትን ኳስ ለመድረስ በሙሉ ኃይሉ የሚሮጥ ወጣት በድንገት የጭኑን ኋላ ይዞ ይቆማል። የነካው ሰው የለም፤ እርሱ ግን ከኋላ የተመታ መስሎት ዘወር ብሎ ይመለከታል። ሰኞ ጠዋት እያነከሰ ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል፤ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ይወጋል፤ በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ሜዳ ላይ ይገኛል።

ወባ፣ ወሊድና የሳንባ ምች በሚያጨናንቁት የሥራ ቀን ይህ ሕመምተኛ ቀላል ጉዳይ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ የዚህ ወጣት እንጀራ ብዙውን ጊዜ በእግሩ ላይ የቆመ ነው፤ ቡና ይለቅማል፣ ጆንያ ይሸከማል፣ ወይም ሩቅ መንገድ በእግሩ ተጉዞ ይማራል። በተጨማሪም ጉዳቱ ድንገተኛ ይምሰል እንጂ በየትኛው ሰዓትና በማን ላይ እንደሚበረታ አስቀድሞ በመጠኑ ሊገመት የሚችል ነው። ለዚህም ዋናው ቁልፍ የጡንቻ ዝለት ነው።

በጭን ኋላ የሚገኙት ጡንቻዎች ባይሴፕስ ፊሞሪስ፣ ሴሚቴንዲኖሰስና ሴሚሜምብራኖሰስ ይባላሉ፤ በአንድነት ሐምስትሪንግ በሚል ስም ይታወቃሉ። ከባይሴፕስ አጭር ራስ በስተቀር ሁሉም ከመቀመጫ አጥንት ተነሥተው ዳሌንና ጉልበትን ያቋርጣሉ። ጉልበትን ያጥፋሉ፣ ጭንን ወደ ኋላ ይስባሉ። በፈጣን ሩጫ ጊዜ ግን ከባዱ ሥራቸው ሌላ ነው። እግር መሬት ከመንካቱ በፊት ባለው ቅጽበት ቅልጥም በኃይል ወደ ፊት ሲወረወር፣ እነዚህ ጡንቻዎች እየተለጠጡ ሳለ ሊገቱት ይገባል። የደነበረን በሬ ገመድ ቀስ በቀስ እየለቀቀ የሚገታ ሰው እንደሚሠራው ያለ ሥራ ነው። በሩጫ የሚደርሰው ጉዳት በአብዛኛው በዚህ ቅጽበት የሚከሠት ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የባይሴፕስ ረጅሙ ራስ ነው።

ጡንቻ ሲዝል በውስጡ የተከማቸው ግላይኮጅን ይቀንሳል፤ በሕዋሱ ውስጥ የካልሲየም መለቀቅ ይዳከማል፤ ፎስፌት ይጠራቀማል፤ ከነርቭ የሚመጣውም ትእዛዝ ይላላል። በቤተ ሙከራ የጨዋታን ሩጫ አስመስለው የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሐምስትሪንግ እየተለጠጠ የሚሰጠው ኃይል በእያንዳንዱ አጋማሽ መጨረሻ ይወርዳል፤ ጭንን ከፊት የሚዘረጉት ጡንቻዎች ግን ያን ያህል አይደክሙም። ወርዋሪው እንደ በረታ ገቺው ይደክማል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በጥንቸል ጡንቻ ላይ የታተመ ጥናት ደግሞ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨምሯል፤ የዛለ ጡንቻ የሚቀደደው ካልዛለው ጋር በተመሳሳይ ርዝመት ቢሆንም፣ ከመቀደዱ በፊት ሊሸከመው የሚችለው ጉልበት ያነሰ ነው።

በሜዳ የተሰበሰበው መረጃም ከዚህ ጋር ይስማማል። በእንግሊዝ የሙያ ክለቦች እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1999 በተካሄደ ክትትል፣ በጨዋታ ከደረሱት የሐምስትሪንግ ጉዳቶች 47 በመቶ ያህሉ የደረሱት በሁለቱ አጋማሾች የመጨረሻ ሲሶ ውስጥ ነበር። ጉዳቱ በሰዓቱ ሁሉ እኩል ቢከፋፈል ኖሮ 33 በመቶ ገደማ በሆነ ነበር። በሌላ በኩል ዝለት ብቻውን ጡንቻ አይቀድም። ከሁሉም የላቀው አስጊ ሁኔታ ቀደም ሲል የደረሰ ተመሳሳይ ጉዳት ነው፤ ዕድሜም ይጨምርበታል። ስለዚህ እጅግ ሊያሠጋን የሚገባው ተጫዋች አምና የተጎዳውና ዛሬ ደክሞ የሚሮጠው ነው።

የኢሉባቦር ሁኔታ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። አካባቢው በአገራችን የዝናቡ ወራት ከረዘሙባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። በጭቃ ሜዳ ላይ መሮጥ በደረቅ ሜዳ ላይ ከመሮጥ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፤ መንሸራተቱም ጡንቻውን ያለ ልክ ይለጥጠዋል። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ተጫዋቹ ቀኑን ሙሉ ሲያጎነብስ ውሎ ምሳውን በቅጡ ሳይበላ ወደ ሜዳ ሊመጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ጨዋታውን የሚጀምረው ሌላው በሚጨርስበት ድካም ነው። በዓልን ወይም የትምህርት ዕረፍትን ተከትለው የሚካሄዱ አጫጭር ውድድሮች አንዱን ቡድን በየሁለት ቀኑ የሚያሰልፉ ከሆነም አደጋው ይጨምራል። በአውሮፓ ክለቦች በተደረገ ክትትል፣ በሁለት ጨዋታዎች መካከል 4 ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ዕረፍት ያገኙ ቡድኖች 6 ቀንና ከዚያ በላይ ካረፉት ይልቅ የሐምስትሪንግ ጉዳት በዝቶባቸዋል።

ሕመምተኛው ሲቀርብ በመጀመሪያ ሊለይ የሚገባው መኮማተር ወይስ መቀደድ የሚለው ነው። የተኮማተረ ጡንቻ ሲዳሰስ ጠጥሮ ይገኛል፣ በቀስታ ሲለጠጥም ይለቃል፤ የተቀደደው ሲለጠጥ ሕመሙ ይብሳል። ተጫዋቹ በደረቱ ተኝቶ ጉልበቱን ሲያጥፍ በእጅ መቃወም፣ በጀርባው አስተኝቶ የተዘረጋ እግሩን ማንሣትና ከደኅናው እግር ጋር ማነጻጸር፣ ሕመሙ የጸናበትንም ቦታ በጣት መፈለግ ብዙ ይነግረናል። ከወገብ የሚነሣና ከጉልበት በታች የሚዘልቅ ሕመም ወይም መደንዘዝ ካለ ሳያቲክ ነርቭን መጠርጠር ይገባል።

ሁለት ሁኔታዎች ግን ፈጽሞ ሊታለፉ አይገባም። አንደኛው፣ በአፍላ ዕድሜ ላይ በሚገኝ ተማሪ ልክ በመቀመጫ አጥንት ላይ የጸና ሕመም ሲኖር ነው፤ የእድገት ሰሌዳው ገና ስላልተዋሐደ ከጡንቻው ይልቅ አጥንቱ ተገንጥሎ ሊሆን ይችላልና ኤክስሬይ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው፣ የመበጠስ ድምፅ ተሰምቶ፣ ሰፊ የደም መቋጠር ታይቶ፣ ከመቀመጫው በታች ጎድጓዳ ነገር ሲዳሰስ ነው። ይህ ጅማቱ ከሥሩ መነቀሉን ያመለክታል፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችልና መዘግየቱ ሥራውን ስለሚያከብደው፣ ከጤና ጣቢያ ወደ መቱ ካርል ሪፈራል ሆስፒታል ወይም አጥንት ሐኪም ወዳለበት ተቋም ሳይውል ሳያድር መላክ አለበት።

የተቀሩት፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ በየጊዜው ማሳረፍ፣ በላስቲክ ፋሻ በመጠኑ ማሰርና ሕመም በማይቀሰቅስ ልክ መራመድ ይበቃል። እዚህ ላይ ወጌሻን ማንሣት ግድ ነው። በእግር ኳሳችን ቋንቋ የቡድኑን አሻሽ የምንጠራው በዚሁ ስም ነው፤ ተጫዋቹም ከእኛ አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው። ደም በቋጠረ ጡንቻ ላይ በነዚህ ቀናት የሚደረግ ጠንካራ እሽት መድማቱን ያባብሳል፤ አልፎ አልፎም በጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲያድግ ምክንያት ይሆናል። በእኔ አስተያየት ወጌሻውን ከማንቋሸሽ ይልቅ ጠርቶ «ለሦስት ቀን እጅህን ሰብስብ» ማለት የተሻለ ውጤት ያስገኛል።

ከዚያ በኋላ ጡንቻው እየተለጠጠ እንዲሠራ ማለማመድ ያስፈልጋል። በስዊድን ተጫዋቾች ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ በዚህ ዓይነት ልምምድ የታከሙት በአማካይ በ28 ቀን፣ በተለመደው ልምምድ የታከሙት ግን በ51 ቀን ወደ ሜዳ ተመልሰዋል። በሰባተኛው ቀን መመለስ በሁለቱም ውስጥ የለም። መርፌው ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ የተቀደደውን አይጠግንም፤ ማስጠንቀቂያውን አጥፍቶ ሰውየውን ወደ ሜዳ የሚሰድ ከሆነም ጉዳቱ ያመዝናል። ዳግም ከደረሱ የሐምስትሪንግ ጉዳቶች 69 በመቶ ያህሉ ተጫዋቹ በተመለሰ በሁለት ወር ውስጥ እንደሚደርሱ በአውሮፓ ክለቦች ታይቷል። ስለዚህ ፈቃድ ከመስጠት በፊት በሙሉ ፍጥነት ያለ ሕመም መሮጡን፣ ይህንንም ደክሞት ሳለ መድገም መቻሉን ማየት ያስፈልጋል። አርፎ የሮጠ ሰው ፈተናውን ቢያልፍ አያስደንቅም።

መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም። ተጫዋቹ ተንበርክኮ፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት፣ ሰውነቱን ሳያጥፍ ወደ ፊት በዝግታ የሚወርድበት የኖርዲክ ልምምድ በዴንማርክ 942 ተጫዋቾች በተሳተፉበት ጥናት የሐምስትሪንግ ጉዳትን ከግማሽ በላይ ቀንሷል። የሚጀመረው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት በመውረድ ነው፤ በአሥር ሳምንት ውስጥ ወደ ሦስት ቀን፣ በየቀኑም ወደ 12፣ 10 እና 8 ያድጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ጡንቻው ስለሚያመረቅዝ ብዙዎች ይተዉታል፤ ይህን አስቀድሞ መንገር የጤና ባለሙያው ፈንታ ነው። በጨዋታ ዋዜማ ባይሠራ ይመረጣል። በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ተጫዋቾች አሥራ አምስቱን ደቂቃ ተቀምጠው ከሚያሳልፉ ይልቅ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ቢያሟሙቁ፣ የጡንቻቸው ሙቀትና ፍጥነታቸው እንዳይወርድ ይረዳቸዋል።

አሠልጣኙ ሊቀይረው የሚገባው ተጫዋች ማን እንደሆነ የሚያውቀው አምና የተጎዱትን በስም ሲያውቅ ነው። በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ «የጡንቻ ሕመም» ብሎ ከማለፍ የትኛው እግር፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ለስንተኛ ጊዜ የሚለውን መጻፍ ከአንድ መስመር በላይ አይፈጅም።