ጥቅስ ቆጠራና እንዶድ

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ውስጥ በወንዝ ዳር ያስተዋሉት ነገር ዓይን እንጂ ውድ መሣሪያ አልጠየቀም። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። የቢልሃርዚያ ተውሳክ የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ በመሆኑ፣ የአገሬው ሳሙና በሽታውን ለመግታት ሊረዳ እንደሚችል ገባቸው። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ማን የማንን ጽሑፍ እንደጠቀሰ የሚያሳይ ሰፊ የሳይንስ መዝገብ አቀረበ። የዛሬ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚመዘኑት የዚያ ሐሳብ ልጅ በሆነ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑ ግን የሚሰማው ምሁራን እርስ በርስ የሚነጋገሩትን ብቻ ነው።

ከመለኪያዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው ኤች ኢንዴክስ ነው። አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉት፣ አሥራ አንደኛው ግን እዚያ ካልደረሰለት፣ ኢንዴክሱ 10 ይሆናል። በዕድሜው ሦስት ጽሑፍ ብቻ ያሳተመ ሰው ሦስቱም ዓለምን ቢለውጡ ከ3 አያልፍም። መጠቀስ ራሱም አንድ ትርጉም ብቻ የለውም። ኦሊቨር ላውሪና ባልደረቦቹ በ1951 ያወጡት የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ከ300,000 ጊዜ በላይ የተጠቀሰው ቤተ ሙከራዎች በየዕለቱ ስለሚገለገሉበት ነው፤ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ስሕተቱ ሊታረም ይጠቀሳል። ትብብርን መቁጠር ከዚህም ይከብዳል። በ2015 የሂግስ ቅንጣትን ክብደት ያስታወቀው ጽሑፍ 5,154 ደራሲያን ነበሩት። ማሽኑን የሠራውም፣ መረጃውን የተነተነውም ያው አንድ ጽሑፍ ይቆጠርለታል።

«ቁጥር ከቀረ ዘመድ አዝማድ ይነግሣል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው፤ አለኝታ የሌለው ወጣት ተመራማሪ በሥራው ብዛትና ተሰሚነት ተሟግቶ የሚያሸንፍበት መንገድ ሊዘጋበት አይገባም። ነገር ግን ቁጥርም ወዳጅ ያውቃል፤ እየተጠቃቀሱ መደጋገፍ፣ የራስን ጽሑፍ ደጋግሞ መጥቀስ ይቻላል። የሒሳብ ሊቅና የሕክምና ተመራማሪም በአንድ ቁጥር አይወዳደሩም፤ የሙያዎቹ የመጥቀስ ልማድ የተራራቀ ነውና። ስለዚህ ስለ ምርምር ምዘና በ2015 የወጣው የላይደን ማኒፌስቶ ቁጥር የባለሙያን ፍርድ ይደግፍ እንጂ አይተካ ማለቱን ትክክል እላለሁ። ለአካባቢ ችግር የሚሠራ ምርምር ይጠበቅ የሚለው መርሑ ደግሞ ለእኛ በተለይ ይበጃል፤ የአንድ ወረዳ በሽታ ሩቅ አገር ጆርናል ላይ ብዙ ጠቃሽ ላያገኝ ይችላልና።

ገምጋሚ ሊያደርገው የሚገባው ቁጥሩን ካየ በኋላ ሁለት ሦስቱን ጽሑፍ ማንበብ፣ የጠቀሱት እነማን እንደሆኑና ለምን እንደጠቀሱ መጠየቅ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ የሰው የሥራ ዕድሜ የሚወሰንበት ነገር ግን ጊዜ ይገባዋል። አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በእንዶድ ሥራቸው በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የእንዶድን አጣቢነት አስቀድመው ያወቁት፣ ወንዙ ዳር የነበሩት ሴቶች ድርሻ ግን በየትኛውም ኢንዴክስ የሚገባበት ቦታ የለም።