ከብርቱ ነፋስ በኋላ ስለ ቤት ምርመራና ስለ ጥገና ፈቃድ



በደቡብ ጎንደር ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ የሚገኙት ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ ደጋቸው ለነፋስ የተጋለጠ አገር ነው። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ተብላ መጠራቷም ይህንኑ ያስታውሳል። ስለዚህ በነፋስ መውጫ፥ በአርብ ገበያ፥ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ በመንግሥት ሥራ ላይ የምትገኙ ሁሉ፥ ብርቱ ነፋስ ካለፈ በኋላ ቤት እንዴት እንደሚመረመር፥ ጥገናውም ስለ ምን ፈቃድ እንደሚያሻው ማወቃችሁ ለራሳችሁም ለባለጉዳዩም ይጠቅማል።

ብርቱ ነፋስ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲያልፍ ክዳኑን ወደ ላይ ይስበዋል። በር ወይም መስኮት ተከፍቶ እንደ ሆነም፥ ወደ ውስጥ የገባው ነፋስ ከሥር ይገፋዋል። ሁለቱ ኃይሎች ሲተባበሩ አስቀድሞ የሚለቀው ጠርዙና ማዕዘኑ ነው። የተገነጠለውን ብቻ አይቶ መፍረድ ግን አይበቃም፤ ያልተገነጠለውም ሚስማሩ ላልቶ፥ ወራጁ ከግድግዳው ተላቆ ይሆናልና።

ስለዚህ መርማሪው ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ያዘነበለ ግድግዳ አለመኖሩን በውጭ ሆኖ ይመልከት። ቀጥሎ ከጣሪያው ጀምሮ እስከ መሠረቱ ይውረድ። በዝናብ የራሰ የጭቃ ግድግዳ ጉልበቱ ይደክማል። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ የሚወጣ ስንጥቅ፥ ወይም ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ እንቢ ማለቱ፥ ቤቱ ከቦታው መናጋቱን ያመለክታል። ከሁሉ ይልቅ ግን ምስጥና እርጥበት የሚበሉት ከመሬት ውስጥ የገባው የቋሚው እግር ይመርመር።

ብዙ ሰው ፈቃድ መጠየቅን እንደ መንገላታት ይቈጥረዋል። ነገር ግን ቋሚው የበሰበሰ ቤት አዲስ ቆርቆሮ ቢለብስ፥ አደጋው ተሸሸገ እንጂ አልተወገደም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077፥ ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፥ ያልታሰበ ድንገተኛ ነገር ቢሆን እንኳ፥ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ «ነፋስ ጣለው» ማለት ብቻውን ከዕዳ አያድንም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ዐዋጅ ቁጥር 624ም ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፥ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ሕንፃዎችና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን በምድብ ሐ መድቧቸው ነበር። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ጥብቅ ምርመራ የሚያሻቸው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ፈቃድ ሰጪውም የራሱ ግዴታ አለበት። ደጁ የቆመው ባለጉዳይ ልጆቹን በዝናብ ሥር አስተኝቶ የመጣ ሰው ነው። ማኅደሩ በጠረጴዛ ላይ ሲያድር፥ ባለቤቱ ሌሊት ተደብቆ ይሠራል፤ ምርመራውም ከንቱ ይሆናል። የሚሻለው ቤቱን ሳይውል ሳያድር ማየት፥ ዝናቡን የሚከለክለውን ጊዜያዊ ክዳን ከቋሚና ከወራጅ ለውጥ መለየት፥ ለሁለተኛው ፈቃዱን ከምርመራው ጋር ፈጥኖ መስጠት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፥ ክረምቱ ሳይገባ እንነሣ።